የጎበጠ ሚስማር

መርከቡ ዘገየ። ሬዲዮው «ነገ» አለን፤
ነገም «ነገ» ብሎ ሦስት ፀሐይ አዋለን።
መጋዝ አለ፣ ሳንቃ አለ፣ የሃያ ሰው ጉልበት አለ፤
የኤማኤን ትምህርት ቤት ጣራ የሚይዝ ሚስማር ግን የለ።

ስለዚህ ጎንበስ ብለን ከፍርስራሹ እንለቅማለን፤
አውሎ ነፋስ ያጣመመውን፣ ጨው የበላውን፣
በእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስተኝተን እናቃናለን።

ሃምሳ አለቃ ቬሬማሉዋ እባላለሁ፤ ከፊጂ፣ ከመሐንዲስ ጓድ የመጣሁ፤
ሲና በረሃ ላይ ዓመት ከመንፈቅ አጥር ስጠብቅ ከርሜ የወጣሁ።
እዚያ ጠመንጃዬን ዘይት ሳጠጣ ኖርኩ እንጂ አንድ ጥይት አልተኮስኩም፤
በውትድርና ዕድሜዬ መጀመሪያ የቆሰልኩት ዛሬ ነው፤
አውራ ጣቴን፣ በገዛ መዶሻዬ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሌይሳቪ ግን አይታለች።
ዕድሜዋን ለሐኪማችን ስትነግር «ስድስት አውሎ ነፋስ» ብላለች።
በባዶ ሳርዲን ጣሳ ሚስማር ታመጣለች፣ ኳ ኳ እያደረገች፤
ሽርጧን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከድንጋዩ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

የዚያን ሌሊት ነገር፣ ሳልጠይቃት፣ ሚስማር እየመረጠች፦
«ጣራው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጠ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ።
እኛ ከቦዬው ጎተራ ሥር ነን፤ ውኃው እስከ ሆድ።
የልጅ ልጄን፣ ካልታክን፣ በቀሚሴ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት፤
ሲነጋ ቋጠሮው አልፈታ አለኝ፤ በጥርሴ ፈታሁት።
ይኼኛው ጥሩ ነው፤ እንካ።»

መታሁት። ተሰበረ።
እጄን ያዘች። «እንደ ጠላት አትምታው፤ ጎኑን ነካ፣ ነካ።»
«አቤት» አልኩ።
ለኮሎኔላችን እንኳ በዚህ ድምፅ አቤት ብዬ አላውቅም።

ያልነገርኳት አለ።
ሲና ሳለሁ ነው፣ ኮሮ ደሴት ላይ፣ የእናቴን ቤት ነፋስ የወሰደው።
ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስልኩ ዝም፤ በአሥረኛው «ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ፣
እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ፣ የሻከረ፣ የራቀ።
ፈቃድ ስወጣ ጣራ ቆሞ ጠበቀኝ፤
አዲስ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ፣ ዓይን የሚወጋ።

«ማን ሠራው?»
«ወታደሮች ናቸዋ። ከመርከብ የወረዱ፤ ቋንቋቸው የማይገባኝ።
አንዱ ፂሙ ቀይ ነው፤ ሻርክ ይፈራል፣ ከጉልበቱ በላይ ባሕር አይገባም።
ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ሁለቴ አስደግሜው፣ ሁለቴም ጠፋኝ።»

ከበሯ አናት ላይ አንድ ሚስማር ጠሟል፤
ወገቡ ታጥፎ እንጨቱን በጎኑ ነክሷል፤
የቸኮለ እጅ ሥራ ነው፣ ወይ የደከመ፣ ወይ ዝናብ የቀደመው።
ልነቅለው ጉጠት ባነሣ፣ እናቴ «ተወው፤
ፎጣዬን የምሰቅለው በምኑ ላይ ነው?»

በአራተኛው ቀን መርከቡ ደረሰ፤
አሥራ ሁለት ሣጥን ሚስማር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዘይት የለበሰ።
መቶ አለቃው «ያንን ዝገት ባሕር ጨምሩት» አለ።
ዞር ስል ድንጋዩ ባዶ ነው፤ ሌይሳቪ የለች፣ ጣሳው የለ፣ ካልታክም የለ፤
መዶሻዬም የለ።

ትምህርት ቤቱን ከደንነው። ልጆቹ ከቆርቆሮው ሥር ጮኸው ድምፃቸውን ሞከሩት።
ከጉብታው ማዶ፣ ከጎተራው በኩል ግን፣
ቀኑን ሙሉ አንድ መዶሻ፣
ጎኑን ነካ፣ ነካ፤ ደግሞ ዝም፤ ደግሞ ነካ።

ማታ ላይ የዕቃ መዝገቡን አመጡልኝ።
«መዶሻ፣ አንድ፤ ባሕር ገባ» ብዬ ጻፍኩ።
ምስክር ይፈርም ይላል ቅጹ።
ተራ ወታደር ቱይሎማ፣ መዶሻው ሲመታ እየሰማ፣
ጆሮውን አከክ አከክ አድርጎ ፈረመ።