ሃያ ሦስት ኪሎ

አራት ኪሎ ተወለድኩ፣ አምስት ኪሎ ተማርኩ፣
ስድስት ኪሎ ሆስፒታል ስምንት ዓመት ሌሊት አደርኩ፤
ሃያ ሦስት ኪሎ የሚባል ሰፈር
መኖሩን ያወቅኩት ግን
ትኬት ሲቆረጥ ነው፣ በዚህ በጥር ወር።
"ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ" አለች ልጅቷ ከመስታወቱ ኋላ፣
"ሃያ ሦስት ኪሎ፤ ካለፈ ይከፈላል ሌላ።"

ሄራሞ ሳቀ። እሱ ምን ቸገረው!
ጥሪ የሚሉት ነገር ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው
እሱን ነው።
እኔን ማንም በስሜ አልጠራኝ፤
እሱ ሲነሣ ብርድ ልብሱ ተገፎ፣ በርዶኝ ነው የነቃሁኝ።
ይህን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩም።
መድረክ ላይ አቁመው፣ እጅ ጭነው፣ "እህት ትርሲት፣ አንቺስ?" ሲሉኝ
"አሜን" አልኩ። ግማሹን። አልዋሸሁም።

የአገሩን ስም አንጠራም፤ ተነግሮናል፤
በስልክም በደብዳቤም "እዚያ" ይባላል።
እዚያ ይሞቃል? እዚያ ጎመን ይገኛል?
እትዬ አፀደ ግን ከአጥሩ ወዲያ
"ወጣላችሁ!" አለችን፤ "ለልጄም ፈልጉላት እዚያ፣
ዶላሩ ሲበዛ እኛን እንዳትረሱ!"
እንዴት ብዬ ልንገራት?
የወር ቀለባችን ከሴቶች ኅብረት፣
ከመዘምራኑ፣ ሊስትሮ ከሚሠራው ከወንድም ደሳለኝ
በአሥር በሃምሳ ብር ተለቃቅሞ፣
በፖስታ ታሽጎ፣ የጫማ ቀለም እየሸተተ እንደሚደርሰኝ?

አልጋው ተሸጠ። ቁም ሳጥኑን የሄራሞ ወንድም ወሰደው፤
ከጀርባው የቀረው ነጭ ግድግዳ
ከቤታችን ሁሉ ንጹሕ እሱ ነው።
ማታ ማታ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን
እሱ መጽሐፍ ሲከት እኔ በርበሬ፣
እሱ ሲተኛ አንዱን መጽሐፍ አወጣለሁ ደፍሬ፤
ጧት ስነሣ ደግሞ ከሽሮዬ ጎድሏል አንድ ከረጢት።
አንነጋገርም። ትዳር ነዋ፤
ጸሎትም አለበት፣ ስርቆትም አለበት።

ሚዛን ግን አልነበረንም።
የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ ላይ፣
"ቆራሌው!" አለ ያ ድምፅ ከኮብልስቶኑ ላይ፣
"ቆርቆሮ ያለሽ! ጠርሙስ ያለሽ!"
ሰባት ዓመት ሙሉ ከሌሊት ተራዬ ስመለስ
ይህ ድምፅ ነው እንቅልፌን የሚበጥስ።
ጠራሁት። ማዳበሪያውን ከትከሻው አወረደ፣
መመዘኛዋን ከኪሱ አውጥቶ፣ መንጠቆዋን በሻንጣው እጀታ ሰደደ፤
አነሣ፤ የአንገቱ ሥር ተወጠረ፤
"ሃያ ስድስት" አለ። "ሦስት ጨመረ።"

ሄራሞ መጽሐፎቹን አየ፣ እኔ ከረጢቴን፤
ልጁ ሁለታችንን።
"መንገድ ነው?"
"ሩቅ። ባሕር ማዶ።"
"ለሥራ?"
ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥንተን ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ፤
እኔ ግን "ሰዎችን ልናውቅ" አልኩ፣
ከየት እንደመጣ እንጃ ቃሉ።
አንገቱን ነቀነቀ፣ ደህና ሥራ ነው እንደማለት።
የዚያን ጊዜ ጆሮዬን አቃጠለኝ ሀፍረት፦
የዚህን ልጅ ስም አላውቅም።
ሰባት ዓመት። ሰባራ ድስት፣ የአባቴን ሬዲዮ ሸጬለታለሁ፤
በሃያ ብር ተከራክሬዋለሁ፤
ውሃ ሲጠይቀኝ፣ በጣሳ ሰጥቼዋለሁ፤
ስሙን ግን

"ነስሩ" አለ። "አንቺስ?"
"ትርሲት።"
አንዴ ደገመው ቀስ ብሎ፣
ያቺው መንጠቆ ላይ እንደሚሰቅል ሰው።

ሁለት ወፍራም መጽሐፍና አንድ የብረት ድስት ወሰደ።
በወረቀት ዋጋ ሊከፍል ሲል ሄራሞ እጁን መለሰው፤
ግንባሩ ላይ ላብ ወረደ።
"አላህ በሰላም ያድርሳችሁ" አለ፣ ማዳበሪያውን አዝሎ።
"አሜን" አልኩ።
ይሄኛው ሙሉ ነበር።

ሄራሞ ዚፑን ዘጋ። እኔ ደጅ ቆሜ
ድምፁን ተከተልኩት፣ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣
ታክሲው እስኪውጠው ድረስ።
"ነስሩ!" ብዬ ልጠራው ፈለግኩ።
ለምን እንደሆነ እንጃ፤
የምሸጠው ነገር አልነበረኝም።