የጋራ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ፒያሳ ጨልሟል፤
ከሥሬ ያለው ዳቦ ቤት ሊጥ ማቡካት ጀምሯል።
ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ከስክሪኔ ጋራ
እንተያያለን ዝም ብለን፤ ግንባታው ስድስተኛው ተራ
ላይ ቆሟል።

የሆስፒታሉ ሥራ ነው። አሥራ አንድ ሞጁል፣ አሥራ አንድ ቤት፤
ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ ገንዘብ ቤት፤
ማንም ብቻውን አይቆምም፤ ሁሉም «ዋስ ጥራ» ይባላል፤
ዋሱ ቀድሞ ካልተሠራ ደጅ ሲጠና ያድራል።

ማሽኑ እንደ አጥቢያ ዳኛ ነው፤ ፊት አይቶ አያዳላም።
«ገንዘብ ቤት፣ ዋስህ ማነው?»
«መድኃኒት ቤት ነው፣ ጌታዬ።»
«መድኃኒት ቤት፣ ያንተስ?»
«የጋራ።»
«የጋራ፣ አንተስ?» ቢለው፣ ያም በተራው ጣት ቀስሮ
ገንዘብ ቤትን ያሳያል፤ ሄዶ ሄዶ፣ ዞሮ ዞሮ።
ሦስቱም ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ «ግባ!» «በሞቴ፣ አንተ ቅደም!»
የጎንደር ጨዋነት ይዟቸው፤ የሚገባ ግን አንድም የለም።

ጥፋቱ ከየት ጀመረ? «የጋራ» ከምንለው።
ድሮ ቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር፤
የኛን ዓመት ከፈረንጁ የሚያስታርቅ፣ ጳጉሜን የማይረሳ፤
ኋላ የቸኮለ ሁሉ ሸክሙን እዚያ አራገፈ፤
አዛናው የስልክ ቁጥር ማጣሪያ፣ ብርቄ ደረሰኝ ማተሚያ፣
እኔም፣ አልዋሽም፣ አንድ ዓርብ የአዘዞ ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል
የመድኃኒት ዋጋ ዝርዝር ወሽቄ ወጣሁ እዚያ።
የጋራ ማለት ይኸው ነው፤ የሁሉም ነው፣ የማንም አይደለም፤
ሁሉም ይደገፈዋል፤ የሚጠርገው የለም።
አንድ ፊደል ቢነኩበት አሥሩም ከእንቅልፍ ይነሣሉ፣
«ምን ሆነ?» እያሉ።

አዛናው ባሕር ዳር ሥራ ሲያገኝ አንድ ማስታወሻ ጽፎ ተወ፦
«ይህን መስመር አትንኩ። ለምን እንደሚሠራ የሚያውቀው
አንድዬ ብቻ ነው።»

መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ሠላሳ አንድ በመቶ ላይ ነው።
በስልክ ብርሃን፣ በደረሰኝ ጀርባ፣ ሣጥን ከሣጥን በቀስት አያያዝኩ፤
ቀስቱን በጣቴ ተከተልኩ።
ሦስቱን ያቆላለፋቸው፣ ሳየው፣ እንዴት ትንሽ ነው!
የአንድ ክኒን ስምና ብር፤
ሌላ የሚያያይዛቸው ምንም ነገር አልነበር።
ከ«የጋራ» ነቅዬ ለብቻው አስቀመጥኩት፤
ማንንም የማይደገፍ ትንሽ ጎጆ ቀለስኩለት፤
«ዋጋ» አልኩት። ሦስቱም ወደ እሱ ይዩ፤
እሱ ወደ ማንም አያይ።

ሌላም ጠብ ነበር። ላቦራቶሪ በሦስት ነጥብ አንድ ሲምል
ገንዘብ ቤት በሦስት ነጥብ አራት፤ ማሽኑ ማንን ይቀበል?
ቁጥሩን ከአባትየው ፋይል ላይ አንዴ ጻፍኩት፤
ልጅ ሁሉ ያባቱን ቃል ይከተል።

እንግዳ ግንቡን ሊያይ ሲመጣ የምንነግረው ስለ ንጉሥ ነው።
የታችኛው ኖራ እስኪደርቅ የላይኛው ድንጋይ መሬት ላይ
ስንት ቀን እንደተቀመጠ የጠየቀኝ ሰው የለም።
እኔ የዚያ ድንጋይ ወገን ነኝ።

አሥር ተኩል። ዘጠኝ በመቶ። አስኬድኩት።
«ዋጋ» ገባ። «የጋራ» ገባ፣ ቀለል ብሎት።
መድኃኒት ቤት፣ ገንዘብ ቤት፣
ሳይገፋፉ፣ ሳይግደረደሩ፤
አሥራ ሁለት አረንጓዴ መስመር።
የዳቦው ሽታ ደረጃውን ወጣ።

ሁለት ሰዓት ላይ ትርንጎ የካርድ ክፍሉን መስኮት ትከፍታለች፤
ሌሊት ተነሥቶ ከጭልጋ የመጣ ሰው የልጁን ስም ይነግራታል፤
ካርዱ ይወጣል። ሰውየው ወደ ገንዘብ ቤት ያዘግማል።
ምንም አልሆነም። «ቀጣይ!» ትላለች።

የአዛናውን መስመር አልነካሁትም።
አሁንም ይሠራል።