የጭስ መውጫ

ቦሎዋ ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው፣
ሚኒባሷን ይዤ ሳቢያን ተሰለፍኩ፤
ፀሐዩ ከላይ ነው፣ ሞተሩ ከታች ነው፣
እኔ መሀል ሆኜ እንደ ሽንብራ ታመስኩ።

ተራዬ ደረሰ። "ሂክማ" ይላል ደረቷ፣
የመለኪያው ቱቦ ተጠምጥሟል ባንገቷ፤
ከኋላ ሻጠችው፣ "ርገጠው!" አለችኝ፤
ረገጥኩት፣ ጮኸች፤ ቁራ ካጥር ተነሣ፣
ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ መቆሚያውን ረሳ፤
አፍንጫዋን ይዛ በሳቅ አየችኝ፦
"አንተ! መኪና ነው፣ የከሰል ጉድጓድ ነው?"
(በድሬ አንቱታ የለም፤ ለሹምም ላዛውንትም
አንዲት "አንተ" አለችን፣ ልኳ ለሁሉ ነው።)
ወረቀት ሰጠችኝ፣ "ወድቋል" የሚል፣ በቀይ፤
የወደቀው ብረት፣ የማፍረው እኔ ወይ?

ወረድኩ ደቻቱ ዳር፣ ካሸዋው ወንዝ አፋፍ፣
ሙሜ በያጁ ጋ፣ ብረት በእሳት ከሚጥፍ።
ጫቱን ወዳንድ ጉንጩ አሻግሮ ገባ ከሥሯ፣
በመዶሻ ጫፍ ሲነካት ተዘረገፈ ምሥጢሯ፤
ዝገት እንደ ሚጥሚጣ ፊቱ ላይ እየዘነበ
"ያ ጀማአ!" አለ ከታች፣
"ማርሚታ ነው ይሄ፣ ወይስ የደሀ ጋቢ?
ማነው እንዲህ የጣፈው?"
አባቴ፣ አልኩት።
ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ነበር የሚፈታው።

ከላይ የኔ ሽቦ፣ ካቻምና ደንገጎ ዳገት ላይ፣
ፒንሳ ቢጠፋ በጥርሴ የጠመዘዝኩት።
ከሥሩ የኒዶ ጣሳ፣ ቢጫው ገና ያልለቀቀ፤
እህቴ የተወለደች ዓመት ነው፤
ወተቱን እሷ፣ ቆርቆሮውን መኪናዋ
ተካፍለው ያደጉበት።
ከዚያ በታች የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ፣
ጎርፉ ከበላን ክረምት የተረፈ፣
ግማሽ ፊደል ጀርባው ላይ የተጻፈ።
ከሁሉም ሥር ዘለበት፣
ሌዘሩ ነዶ አልቆ ናሱ ብቻ የቀረለት፤
ያባቴ ቀበቶ፣ ሳምንት ሙሉ ፈልገን ያጣንለት።
እሱ ግን ሱሪውን በሲባጎ ሸብ አርጎ
"ወፍሬ ነው፣ ጠበበኝ" ይለን ነበር፣
የጎድን አጥንቱ ከሸሚዙ ሥር እየተቆጠረ።

"ጭስ መውጫ አያጣም" ይላሉ።
እውነት ነው፣ አላጣም።
ማርሚታው የተበሳ ለት ወደ ውስጥ ዞረና፣
በወለሉ ስንጥቅ፣ በማርሹ ቀዳዳ ገብቶ፣
ባባቴ ደረት በኩል ወጣ፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በትንሽ በትንሹ፣ በሳል።
ሐኪሙ "ታጨሳለህ?" ሲለው
"እኔ ሳልሆን እሷ ናት" እያለ
በመስኮት ያሳየው ነበር።

አዲሱ ቱቦ ከታይዋን ገበያ መጣ፣
ዋጋው ከጭሷ የጠቆረ፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ለወር።
ሙሜ በየደው፣ መነጽር ሳያጠልቅ፣ ባንድ ዓይኑ፣
ሌላውን ጨፍኖ ለነገ አትርፎ።

ሐሙስ ሳቢያን ተመለስኩ። ሂክማ ሻጠች፤ ረገጥኩ፤
ቁራው ካጥሩ አልተነሣም።
"ወላሂ፣ ይቺው ናት?" አለችኝ፣
ጎንበስ ብላ ከሥር እያየች።
ቦሎውን መስታወቱ ላይ በመዳፏ ተጭና ለጠፈችው።

ማታ ገንደ ቦዬ ገባሁ።
እናቴ ከድልድዩ ማዶ ጩኸቷን ስትሰማ
ነበር በሩን የምትከፍተው፣ ዘመኗን ሁሉ፣ ሳይንኳኳ።
ዛሬ በሩ ዝግ ነው። ሞተሩን አጠፋሁ፤
ማጥፋቴን ተጠራጠርኩ፣ ቀድሞም ዝም ብሎ ነበር።
ዘለበቱን ከኪሴ አውጥቼ
የቆርቆሮውን በር መታሁት።
"ማነው?" አለች፣ ጠይቃን የማታውቀውን።
ደግሜ መታሁት።
ዝም አለች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋ
ግቢውን በሩጫ ሲያቋርጥ ሰማሁት።