የሙኒራ ሻርፕ

ናዚፍ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ
መጣና ስልኬን ከበርጩማ አነሳ፤
ቫርኒሹ ገና ነው፣ ስልኩ ተጣብቋል፤
«ይህ ቤት» አለ፣ «ያገኘውን በርጩማ ያደርጋል።»
ጠረገልኝ፣ ጫነልኝ፦ «በካሜራው እይ፣
የነገሩን ቀለም ይጽፍልሃል እላይ።»

ቀይና አረንጓዴ ለዓይኔ ወንድማማች ናቸው፣
አንድ ካፖርት ለብሰው የሚዞሩ፣
ማን ማን እንደ ሆነ የማልለያቸው።
ልጅ ሳለሁ፣ ማና፣ በአባቴ እርሻ
ቡና ለቅመን ቅርጫቴ ሲፈተሽ
ጥሬው ከበሰለው ተደባልቆ ተገኘ፤
ጆሮዬ እስኪጮህ ጥፊው አገኘኝ።
ከዚያ ወዲያ ጣቴን ዓይን አደረግኩት፦
አውራ ጣት ሲጫነው እሺ የሚል፣ በስሏል፤
እምቢ የሚል፣ ይቆይ።
እንዲህ ኖርኩ፣ አምሳ ሁለት ዓመት፣
በመዳሰስ፣ በመጠየቅ፣
የትራፊክ መብራቱን
ከላይ ነው ከታች ብዬ በመጠበቅ።

ስልኩን ወደ ደጅ አቀናሁ።
ፊደል አየር ላይ ቆመ።
በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ «ቀይ፣ የዛገ»፤
በአቮካዶው ቅጠል ላይ «አረንጓዴ፣ ጥቁር ያዘለ»፤
ባጃጅ ሲያልፍ «ሰማያዊ» የሚለው ቃል
ከባጃጁ ጋር ተንጠልጥሎ እስከ አደባባዩ ሮጠ፣
እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከኋላው ልሮጥ
ምንም አልቀረኝ።

አዌቱን አሳየሁት። «ቡናማ» አለ፣
ትንሽ አሰበና «ግራጫ»፣ ደግሞ «ቡናማ»።
ደስ አለኝ፤ እሱም እንደ እኔ ይጠራጠራል ለካ።
ወደ ጅሬን ኮረብታ አሻገርኩት፣
ጉም ብቻ ነበር፤ «ነጭ» ብሎ ዝም።
ለዚህስ ስልክ አያሻኝም።

ሒርማታ ገበያ ገባሁ።
በርበሬው፣ ቃሪያው፣ ግማሹ የበሰለ ቲማቲም፣
ሁሉም ስሙን ተሸክሞ ቆሟል፤
ዓለም በቀለም ሲጮህ ኖሯል፣
እኔ በዓይኔ ደንቆሮ ሆኜ።
«ፎቶ ነው የምታነሳው?» አለች ቃሪያ ሻጯ።
«አይ፣ እየተዋወቅኩ ነው።»

ማታ ቤት ስደርስ
ሙኒራ ልብስ ከገመድ ታወርዳለች፣
ያንን ሻርፕ ለብሳ።

የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደ ሰሞን፣
ከዚሁ ሒርማታ፣ ምላሱ ቅቤ ከሆነ ነጋዴ፤
«ቀይ ስጠኝ» አልኩት፣ «ፍም የመሰለ።»
«ከዚህ የቀላ የለም» ብሎ ጠቀለለልኝ።
ሙኒራ ገልጣ አየችው፣
አየችኝ፣
«እንዴት ያለ ቀይ ነው!» ብላ ለበሰችው።
ለዒድ ለበሰችው፣ ለሠርግ ለበሰችው፤
አንዳንዴ ሴቶቹ ሲጠቃቀሱ አይ ነበር፣
ቀንተው ነው ብዬ አለፍኩት።

ስልኩን አነሳሁ። ሳላስብ ነው።
ቃሉ ከትከሻዋ በላይ ቀስ ብሎ ተጻፈ፦
«ቡናማ። ወደ ጭቃ የሚያደላ።»

መስታወቱን በሸሚዜ ወለወልኩ። ተጠጋሁ።
«ቡናማ» አለ ደግሞ፣ ያለ አንዳች እፍረት።

ሃያ ሦስት ዓመት።
ሃያ ሦስት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳታዛንፍ፣
ጭቃ ተከናንባ ቀይ ነው ስትለኝ።

ዞር አለች። «ናዚፍ የጫነልህ እሱ ነው?»
ከዚያ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦
«የኔን ሻርፕ ምን ይለዋል?»
የልብስ መቆንጠጫ ከጣቷ አምልጦ
መሬት ወደቀ። አላነሳችውም።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።
የሻርፑን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣
እሺ አለኝ።

«ቀይ» አልኳት። «ከዚህ የቀላ የለም ይላል።»