አንዲት «ታ»

ጥር ነው። ፖዝናን ነው። ገና አልነጋም።
ትራሙ በረዶውን ሰንጥቆ ሲጢጥ ብሎ ያልፋል፤
የቫርታ ወንዝ ዳር ዳሩን ረግቷል።
ቦግና ጓንት በጓንት ደርባ
ከማቀዝቀዣው ሆድ ሳጥን ስባ
አንዲት ብልቃጥ በሁለት ጣቷ ታወጣለች፤
«ደህና አደርሽ?» ትላታለች፣
ሰው በሌለበት።

ብልቃጧ ውስጥ ያለው
ከነርቭ ሴሎች የተጨመቀ አርኤንኤ ነው፤
ሴሎቹ ከአንድ ሰው ክንድ፣ ከተቆነጠረ ቆዳ የበቀሉ።
ወረቀቱ ስም የለውም፦ ቁጥር አርባ አንድ፣ ወንድ፣ ሰባ ሦስት ዓመት፣
መጀመሪያ እጅ የከዳው፣ ቀጥሎ እግር፣ ቀጥሎ አንደበት።
አባቷ አይደለም።
ደንቡም እሷም ከልክለዋል።
በሽታው ግን ያው ነው።

አባቷ ዜኖን ፊልም ቆራጭ ነበረ፣
ሎድዝ ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት የኖረ።
ሥራው ቆርጦ ቀጥል ነው፤ ሐሜት ግን አያውቅም።
ተዋናዩ ሲያስነጥስ ይቆርጣል፣
ማይክራፎን ካጮለቀ፣ ውሻ ካለፈ ይቆርጣል፤
ማታ ወለሉ ሲጠረግ
ከፊልሙ ትርፍራፊው ይበልጣል።
ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ሆና
ቁራጩን ወደ አምፖሉ አቅንታ
«ይቺ ሴትዮ ምን አጥፍታ?»
«አላጠፋችም» ይላታል፣ «ቦታዋ አይደለም።»

ሴልም እንዲሁ ነው።
መጀመሪያ የሚገለበጠው ረጅም ነው፣
ከቁም ነገሩ መንዛዛቱ የበዛ።
ከዚያ አንባቢዎቹ ይደርሳሉ፣
ዓይን የሌላቸው፣ በመዳሰስ የሚያነቡ ፕሮቲኖች፤
አንደኛው «ዩ ጂ፣ ዩ ጂ፣ ዩ ጂ» የሚል ድግምት ሲያገኝ
ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፦ «ይሄ አይነበብም!»
የቀረው ይቀጠላል፤ አቀጣጠሉም አንድ አይደለም፣
ጡንቻ እንዲህ ያነበዋል፣ አንጎል እንዲያ፣
እንደ እኛው «ገና»፦
ሲጠብቅ በዓል ነው፣
ሲላላ አልደረሰም።

ሕመሙ ሲገባ ያ አንባቢ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል፤
ከኒውክሊየሱ ደጅ ከመሰሎቹ ጋር ተጣብቆ
እንደ ቀዘቀዘ ሞራ ይረጋል።
ወንበሩ ባዶ። መቀሱ ጠረጴዛ ላይ።
ወለል ላይ የነበረው ትርፍራፊ
በሩ ገርበብ ማለቱን አይቶ ይገባል።

ብዙ አያስፈልግም፤
አንዲት ፊደል ትበቃለች።
«እጅህን አንሳ» ከሚለው ትእዛዝ መሀል
አንዲት «ታ» ተነስታ ስትሰካ
«እጅህን አታንሳ»።
እጅም ታዛዥ ነው።
አይነሳም።

ስድስት ወር ሙሉ ለዚያች «ታ» ክዳን ሲሠሩ ከረሙ፤
አጭር ክር፣ ሃያ ፊደል እንኳ የማትሞላ፣
ከስፌቱ ላይ ተኝታ «እዚህ ምንም የለም» የምትል ውሸታም።
ሐሙስ ማታ ጄሉ ሰማያዊ ብርሃን ላይ ወጣ።
ሁለት መስመር ነበር፦ ታችኛው ደህናው፣
ላይኛው ትርፍራፊው የገባበት።
ላይኛው ሳስቷል።
አልጠፋም፤ ሳስቷል።
ተማሪዋ ሚኮዋይ ሊጮህ አፉን ከፈተ።
«ሦስቴ ድገመው» አለችው፣
«ከዚያ እንጮሃለን።»
ብቻዋን ስትቀር ግን መስኮቱን ከፍታ
በረዶው ፊቷ ላይ እስኪሟሟ ቆመች።

እሑድ በባቡር ሎድዝ ወረደች።
ዜኖን ወንበሩ ላይ ነው፤ ከሰውነቱ የቀሩለት ዓይኖቹ ናቸው፣
የቆራጭ ዓይኖች።
የጄሉን ፎቶ ከፊቱ ያዘችለት።
ረጅም ጊዜ አየው፣
አንድ ፍሬም ላይ እንደሚቆየው ድሮ።
ከዚያ ወደ ፊደል ሰሌዳው ዞረ፤
አንድ ፊደል ሲያይ እሷ ትጽፋለች፣
አንድ ሲያይ ትጽፋለች፣
ሻዩ ቀዘቀዘ፣
«ሻካራ ቅንብር» አለ።

ሳቀች፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።
«አዎ፣ አባዬ» አለችው፣ «ገና ነው።»
እኔ ስጽፈው ላላ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤
መልሼ ሳነበው
አንዳንዴ ይጠብቅብኛል።