በቃ የማያውቅ ቁስል

የመጀመሪያ ደሞዜን ይዤ ወደ ሮላ ወረድኩ፣
ከወርቅ ቤቱ መስታወት ፊት እስኪያልበኝ ቆምኩ።
ሁለት ግራም ተኩል። ሻጩ ሳቀ፤
ሽጉጥ በመሰለ ነገር ጆሮዬን በሳ፣
ጠቅ አለኝ፤ ሕመሙን ግን ልቤ ወዲያው ረሳ።

ቁስሉ ዳነ።
ድኖም አልቆመ፣ እንደገና ዳነ።
ምስር አከለ፣ ሽምብራ አከለ፣
በሦስተኛው ረመዳን ባቄላ ሆኖ ተንጠለጠለ።
ማዳም አንድም ቃል አልተናገረች፤
ብርጭቆዬን ብቻ ከሌሎቹ ለየች።

አጅማን ውስጥ አንዱ በርካሽ ቆረጠልኝ፤
ጆሮዬ ለካ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው፣
አንዱን ቢጥለው ሦስት አበቀለልኝ።

ዶክተር ሻኪላ፣ ዓረብኛችን የሁለታችንም ስብር፣
«ሥጋሽ ሰነፍ አይደለም» አለች፤ «ትጋቱ ነው የሚያስቸግር።
በቃ ማለት አያውቅም። ቢላዋ ብቻውን ያስቆጣዋል፤
እኔ እቆርጣለሁ፣ ብርሃን ተከትሎ ያረጋጋዋል።»

የጆሮ ጌጤን ይዤ እዚያው ወርቅ ቤት ተመለስኩ።
ያው ሰውዬ ነው፤ አላወቀኝም፣ እኔም አላስታወስኩ።
ቀዳዳውን ያመጣው ወርቅ የመድፈኛው ዋጋ ሆነ፤
ሁለት ግራም ተኩል ነበር፣
ሁለት ነጥብ አራት ተመዘነ።

ስትቆርጠው አላመመኝም። ድምፁን ሰማሁ፣
ጎመን ሲቀነጠስ።
ከዚያ ብርሃን የሚጠጣ ቅባት ቀባችኝ፣
እስኪጠማው ድረስ
ሦስት ሰዓት ሙሉ በጨለማ አስቀመጠችኝ።
ቀዩ መብራት ሲበራ
ሚጥሚጣ የነሰነሱብኝ መሰለኝ፤
ነርሷ ማሪቴስ በካርቶን ክዳን
እፍ እፍ እያለች አራገበችኝ።

«ሁለት ቀን ፀሐይ እንዳያይሽ» ብላ ሸኘችኝ።
እዚህ? ሻርጃ? በነሐሴ?
ግድግዳው ሌሊት ሳይቀር ቀኑን በሚያልብበት አገር?
ዘምዘም ከምትሠራበት ቤት ፎይል አመጣች፣
መስኮቴን እንደ ዓሣ ጠቀለለች።
ብርሃን አክሞኝ ከብርሃን ተሸሸግኩ፤
ስልኬ ብቻ ያበራል፣ እሱንም ደፋሁት።

የታናሼ ድምፅ ነው፣ ከከሚሴ።
«ቆርቆሮው ተመታ፤ አሁን የቀረው አጥሩ ነው፣ እቴ።»
ባለፈው የቀረው ቆርቆሮው ነበር።
ከዚያ በፊት መሠረቱ።
አልተቆጣሁም። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤
ሥጋዬም እኮ በፍቅር ነበር ሲሰፋኝ የከረመው፤
«እዚህ ጋ አቁም» የሚል አጥቶ ነው
ደርቦ ደራርቦ የቆለለው።

አጭር ቃል አፌ ላይ መጣች።
ጣቴ መቅጃው ላይ ቆየ፣ ቆየ።
አልላክኋትም።
«ቆይ» ብዬ ላክሁ፣
የ«በቃ»ን ታናሽ እህት።

ስድስት ወር ሆነው። ዶክተሯ
«ዓመት ሳይሞላው አልምልም» ትላለች።
ጠዋት ጠዋት፣ የማዳም ልጆች ሳይነቁ፣
ጣቴ ጆሮዬን ትዳስሳለች፤
ቀጭን መስመር፣ ክር የምታህል።
«አለህ?» እለዋለሁ።
ዝም።
ዛሬም ዝም።