ሃምሳ ሁለት ኪሎ ገብስ

ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ውርጩ ጆሮ ሲቆርጥ፣
ከመሃል ሜዳ ተነሣሁ፣ ደብረ ብርሃን ልሮጥ፤
በብብቴ ፌስታል፣ በፌስታሉ ወረቀት፣
በወረቀቱ ላይ የኔና ያንቺ ሕይወት፣
በሦስት ማኅተም ታስሮ።

የቀበሌው ጸሐፊ፣ እጁ ቸኩሎበት፣
«የሚስት ስም» በሚለው ባዶ መስመር ፊት
«ማስረጃ» ብሎሻል።
አንዲት ፊደል ናት እኮ፤ «ሻ»ን በ«ጃ» ለውጦ፣
ስድስት ሳምንት በላኝ ከበር በር አሯሩጦ።
«ማስረሻ ነው ስሟ» ብዬ ባስረዳው፣
«ለዚህስ ማስረጃህ?» ብሎኝ አረፈው።
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ወንድምሽን በቀበረች በዓመቱ ስትወልድሽ፣
እናትሽ ናት ማስረሻ ብላ የሰየመችሽ።
ለእሷ ሠርቶ ይሆናል።
ለእኔ ግን ስምሽ እስከ ዛሬ ሥራ አልጀመረም።

በርሚንግሃም ከተማ፣ የጽዳት ልብስ ለብሰሽ፣
መንገድ ስትሻገሪ ያ መኪና ጥሎሽ፣
ከወገብሽ በታች ያለው አካልሽ
እንደ እንግዳ ሰው አጠገብሽ ከተኛ
ሁለት ክረምት ሊሞላው ነው።

ቅጹ እንግሊዝኛ ነው፤ ኮምፒውተር ቤቷ ልጅ
እየተረጎመች ትጠይቀኛለች።
«አብራችሁ የኖራችሁት?»
ሦስት ወር ከአስር ቀን፤ ቆጥሬ ነገርኳት፤
ጾሙን ቀንስ እንዳትለኝ በሆዴ ፈራኋት።
«ፎቶስ?» አንድ አለን፣ የሠርጋችን ለት፣
አጎቴ ጣቱን ሌንሱ ላይ አድርጎበት፣
ካንቺ ግማሽ ፊት፣ ከኔ ጆሮ የቀረበት።
«እንግሊዝኛ ትችላለህ?»
መምህር አንዳርጌ የአየር ጠባይ ያስጠናኛል፣
እኔ የምሻው ሌላ ነው፦
ቁስል። ትራስ። ያምሻል? ልቅና?
«እነዚህ በፈተናው የሉም» ይለኛል።

«በሽተኛ የማስታመም ልምድ አለህ?»
እዚህ ላይ ምላሴ ታሰረ።
ሳጥኗ ጠባብ ናት፣ አውራ ጣት የምታህል፤
ከወዴት ጀምሬ በሷ ውስጥ ልበል?

ሲስተር እቴነሽ፣ ከሆስፒታላችን፣
«ገላዋ እንዳይቆስል፣ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣት»
ስትለኝ፣ ክብደትሽን ጠየቅሁሽ።
«ሃምሳ ሁለት፤ ወፍሬያለሁ» አልሽኝ አፍረሽ።
ወደ ጎተራ ሄድኩ።
ሃምሳ ሁለት ኪሎ ገብስ በሚዛን ለክቼ፣
ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በወስፌ ሰፍቼ፣
አልጋችን ላይ አስተኛሁት፣ ባና አለበስኩት።

ስልኬ ሲያንቃጭል፣ ሌሊት በስምንት፣
እነሣለሁ። አንዱን እጅ ከትከሻው ሥር፣
አንዱን ከዳሌው፣ ቀስ፤
ጉልበት ሳይሆን ትንፋሽ ነው ብላኛለች ሲስተር።
በአስር ደግሞ ወደ ግራ።
ወይዘሮ ትርፌ፣ ጎረቤቴ፣ በመስኮት አይታ፣
«ገብስ አቅፎ የሚያድር!» ብላ ጠበል አምጥታ
ረጨችን፤ እኔንም፣ ጆንያውንም።

አንድ ሌሊት ደወልሽ። ኔትወርኩ እንዳመሉ
ድምፅሽን እየቆረሰ፣ እያስቀረ ከፊሉ፣
«ልጅቷ መጥታ አዞረችኝ» አልሽ፣ «በግራ ጎኔ ነኝ»።
ምንም አላልኩሽም።
ስትዘጊው ሄድኩና በግራው አስተኛሁት።

ይህ ሁሉ በሳጥኗ እንዴት ይጻፋል?
«አለ በያቸው» አልኳት።
ሁለት ፊደል። በቃ።

ቅጹ ሄደ።
መልሱ በስድስት ወር፣ ወይም ከዚያ ወዲያ።
ክረምቱ ገባ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፤
ሳገላብጠው ዛሬ፣ ከስፌቱ በኩል
ነጭ ቡቃያ ወጥቶ ጣቴን ነካ፣
እንደ ሕፃን ጥፍር የቀጠነ።
መዝራት ነበረብኝ፤ አገሩ ሁሉ ዘርቷል።
አሁን ስንት ኪሎ እንደሆነም እንጃ።

ስምንት ሰዓት ሞላ።
ቀስ።
ወደ ቀኝ።